ጠይቁን፦ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው በሆስፒታል እንዴት ይመገብ?

ከወሎ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያጠነጥኑ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። ጉዳዩም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ሆስፒታል ከገባ በኋላ የሚደረግለት የአመጋገብ ሕክምና ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹንም ሆነ የሕክምና ተቋማቱን ማንነት አልገለጽንም። መልሶቻችን ለግንዛቤ የሚረዱ ናቸው፤ በአንድ ሕመምተኛ ላይ የሚወስነው በቅርብ የሚከታተለው ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እግሩና ፊቱ አብጦ፣ ፀጉሩ ሳስቶ፣ ምግብ አልቀምስ ብሎ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ እነርሱም ወደ ሆስፒታል ላኩን። በሆስፒታሉ የሚሰጡት ወተት በየሦስት ሰዓቱ ግማሽ ብርጭቆ እንኳን አይሞላም ነበር። ልጁ ርቦታልና ጨምሩለት ብንል እምቢ አሉ፤ ከቤት የወሰድነውንም ገንፎ ከለከሉን። ግሉኮስ አልሰቀሉለትም፤ ደሙ አንሷል እያሉም የደም ማነስ መድኃኒት አልሰጡትም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሲመዘን ጭራሽ ኪሎው ቀንሶ ተገኘ። ልጁ አሁን አላህ ይመስገን ድኗል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ቀን በረሃብ ማቆየታቸው አግባብ ነበር ወይ?
ወ/ሮ ዘ.፣ ከቆቦ

መልስ፦ ወይዘሮ ዘ.፣ እንኳን ልጁ ለመዳን በቃ። ከገለጹልን ተነሥተን ስንመለከተው የወተቱ ማነስ፣ የግሉኮሱ አለመሰቀል፣ የደም ማነስ መድኃኒቱ መዘግየትና የኪሎው መቀነስ አራቱም በሕክምናው ውስጥ የሚጠበቁ ናቸው። ሐኪሞቹ ልጁን አላስራቡትም። ምክንያቱን ሳያስረዱ መቅረታቸው ግን ያስወቅሳቸዋል፤ ነገሩ ያልተብራራላት እናት ወይም አያት ነርሷ ዘወር ስትል ለልጁ ገንፎ ብታጎርሰው የሚፈረድባት አይደለችምና።

ለረጅም ጊዜ ምግብ ያጣ የሕፃን ሰውነት በሕይወት ለመቆየት ሲል ሥራውን ሁሉ ይቀንሳል። የልብ ጡንቻ ይሳሳል፤ ኩላሊት ትርፍ ጨውንና ውኃን የማስወገድ ዐቅሙ ይወርዳል፤ ጉበትና አንጀት እንደ ቀድሞው አይሠሩም፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ሶዲየም ሲከማች ፖታሲየም እየወጣ ያልቃል። እንዲህ ባለው ሰውነት ላይ ብዙ ምግብና ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ሲጫን የደከመው ልብ ሊሸከመው አይችልም፤ ከረሃብ የተረፈው ልጅ በጠገበ ማግስት ሊሞት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕክምናውን በአሥር ደረጃዎች ከፍሎ፣ ልጁን ማወፈርን ስምንተኛው ላይ ያስቀመጠው ስለዚህ ነው። ከዚያ በፊት የደሙ ስኳር እንዳይወርድ፣ ገላው እንዳይቀዘቅዝ፣ በውስጡ የተደበቀ ኢንፌክሽንም እንዳይገድለው መጠበቅ ይቀድማል። እጅግ የተጎዳ ሕፃን ኢንፌክሽን እያለበት እንኳን ላያተኩስ ይችላል፤ ስለዚህም ትኩሳት ሳይታይበት አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል።

በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሰጠው ወተት ኤፍ-75 ይባላል። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ካሎሪ ብቻ ይይዛል፤ ፕሮቲኑም ሆነ ጨዉ ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ነው። ልኩ በኪሎ ይሰላል። እብጠቱ ፊቱ ድረስ ለደረሰ ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 100 ሚሊ ሊትር፣ እብጠት ለሌለበት ወይም ቀላል ለሆነለት ደግሞ 130 ሚሊ ሊትር ነው። የልጅ ልጅዎ ሲገባ 8 ኪሎ ይመዝን ነበር ብንል የቀኑ ድርሻ 800 ሚሊ ሊትር፣ በየሦስት ሰዓቱ ሲካፈልም 100 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ግማሽ ብርጭቆ አይሞላም ያሉት ይኸው ነው። ገንፎውም የተከለከለው ጨዉና ፕሮቲኑ ለዚያ ሰዓት ስለሚከብድ ነው። ቀደም ባለው ዘመን እብጠቱ በፕሮቲን እጥረት ብቻ የሚመጣ ይመስል ስለነበር ያበጡ ሕፃናት ገና ከመጀመሪያው ቀን ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ይሰጣቸው ነበር፤ ይህ የሚጎዳቸው መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው።

ግሉኮስም በደም ሥር የሚሰጠው ልጁ ራሱን እስከ መሳት ሲደርስ ወይም የደም ዝውውሩ ሲወድቅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ፈሳሹ ልብን ያጨናንቃል። ተቅማጥ ቢኖርበት እንኳን በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የተለመደው የተቅማጥ ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ጨዉ ስለሚበዛበት ለእነዚህ ሕፃናት የተዘጋጀ ሌላ ድብልቅ ይሰጣቸዋል። አይረን ያለበት የደም ማነስ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢንፌክሽንን ሊያባብስ ስለሚችል፣ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ ኪሎ መጨመር እስኪጀምር ይዘገያል። የኪሎው መቀነስ ደግሞ የምሥራች ነበር፤ ከእርሱ የወጣው በእብጠቱ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ነው። እብጠቱ ሲጎድልና ልጁ ወተቱን ጨርሶ ተጨማሪ ሲፈልግ ቀስ በቀስ 100 ካሎሪ ወዳለው ኤፍ-100 ወይም ፕላምፒ ነት ወደ ተባለው ከኦቾሎኒ የተሠራ የታሸገ ምግብ ይሸጋገራል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢበላ የሚከለክለው የለም።

በዚህ ላይ ለሌሎች አስታማሚዎች አንድ ነገር እንጨምራለን። ከሁሉ የሚያስፈራው የቀኑ ሳይሆን የሌሊቱ ምግብ መዝለል ነው። ሌሊት ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አስታማሚው እንቅልፍ ሲጥለውና ተረኛዋ ነርስ በሌላ ሕመምተኛ ስትያዝ፣ የሕፃኑ ስኳር ወርዶ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። የሌሊቱ ወተት ከቀረ ነርሷን ቀስቅሶ መጠየቅ የአስታማሚ መብት ነው፤ እንደ ጨቅጫቃ የሚቆጥር ባለሙያ ቢኖር ስሕተቱ የእርሱ ነው። የሚጠባ ልጅ ከሆነ መጀመሪያ ጡት፣ ቀጥሎ ወተቱ ይሰጠዋል። እንደ ደሴ ባለ ብርድ አገር ደግሞ ልጁን ራሱ ላይ ኮፍያ አድርጎ፣ ከእናቱ ገላ ጋር ገላ ለገላ አጣብቆ ማስተኛት ከሕክምናው የሚቆጠር ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን የ58 ዓመት ገበሬ ናቸው። በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ሆስፒታል ተኝተዋል። ከአራት ወር በፊት 62 ኪሎ የነበሩት አሁን 49 ሆነዋል፤ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ70 ነው። ካርዳቸው ላይ የምግብ እጥረት ተብሎ ተጽፎ ስናይ ጎተራችን ሙሉ ሆኖ ሳለ እንደ ተሰደብን ቆጥረነው አፍረናል። ጠያቂ የሚያመጣውን ዳቦ፣ ሙዝና ጁስ አይቀምሱም፤ የሆስፒታሉም እንጀራ እንደ ቀረበ ይመለሳል። ግሉኮስ ይሰቀልላቸው ስንል አንዲት ነርስ ግሉኮስ ምግብ አይደለም አለችን፤ ሌላው ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳናበላቸው አስጠነቀቀን። የተጎዳን ሰው ብዙ አታብሉ የሚባለው ምን ዓይነት ምክር ነው?
መ. አ.፣ ከደሴ ዙሪያ

መልስ፦ አብሽሩ፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ስድብ አይደለም። በወሎ የምግብ እጥረት ሲባል 1966 እና 1977 ዓ.ም. ትዝ ስለሚሉን፣ እህል ያለው ሰው በምግብ እጥረት ይጎዳል ብሎ መቀበል ይከብደናል። በሕክምና አነጋገር ግን ይህ ስም የሚያመለክተው ሰውነት የሚያስፈልገውን አለማግኘቱን እንጂ የቤተሰቡን ድህነት አይደለም። ሳንባ ነቀርሳ፣ ካንሰር፣ የቆየ ቁስልና ከባድ ቀዶ ሕክምና በአንድ በኩል የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፤ በሌላ በኩል ሰውነት የራሱን ጡንቻ እንዲያነድ ያደርጋሉ። ይህ ደግሞ የደሃ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በተርወርዝ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1974 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጽሑፍ፣ በአገራቸው የተሟሉ ሆስፒታሎች ውስጥ ሕመምተኞች ማንም ሳያስተውላቸው በምግብ እጥረት እንደሚጎዱ፣ ቁመትና ክብደታቸውም እንኳን በወጉ እንደማይመዘገብ በመግለጽ የሙያ ባልደረቦቻቸውን አሳፍረዋል። የአባትዎ ሐኪም መዝኖ መጻፉ ሊመሰገንበት የሚገባ ነው፤ ያልተጻፈ ችግር አይታከምምና።

አባትዎ ያጡት 13 ኪሎ ከቀድሞው ክብደታቸው ከ20 በመቶ በላይ ነው። ክብደታቸው ለቁመታቸው ካሬ ሲካፈል 17 ገደማ ይመጣል፤ ጤናማው የሚጀምረው ከ18.5 ነው። ባለሙያው ብዙ አታብሉ ያለው ይህን አይቶ ሳይሆን አይቀርም። በሦስትና በስድስት ወር መካከል ከክብደቱ ከ15 በመቶ በላይ ያጣ፣ ወይም ከ10 ቀን በላይ እምብዛም ሳይበላ የቆየ ሰው ምግብ በድንገት ሲጎርፍለት አደጋ ይገጥመዋል። ሰውነቱ ለወራት በስብ ሲነድ ቆይቶ እህልና ስኳር በብዛት ሲመጣ ስኳርን ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን ይጨምራል፤ ኢንሱሊኑም በደም ውስጥ የቀረውን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የተባሉ ጥቂት ማዕድናት ወደ ሕዋሳቱ ይስባቸዋል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲያሽቆለቁል የልብ ምት ይዛባል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ እግር ያብጣል፤ አእምሮም ግራ ይጋባል። ቫይታሚን ቢ-1ም አብሮ ስለሚያልቅ ከምግቡ በፊት መሰጠት አለበት።

ስለዚህ አደጋው ከፍ ባለባቸው ሕመምተኞች ምግቡ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ በ10 ካሎሪ ገደማ ተጀምሮ ከአራት እስከ ሰባት ባሉት ቀናት እየተጨመረ ይሄዳል። ለአባትዎ ይህ በመጀመሪያው ቀን 500 ካሎሪ የማይሞላ፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት፣ አንድ እንቁላልና ጥቂት አጥሚት ያህል ማለት ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የምንፈራው ሌላ ነገር አለ። ቀስ በሉ የተባለው ለመጀመሪያው ሳምንት ሆኖ ሳለ፣ ማንም አሁን ጨምሩ ሳይል ሕመምተኛው በዚያው ሦስት ጉርሻ አንድ ወር የሚከርምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጨመር፣ ምን ያህልም እንደሚጨመር ሐኪሙን ቁርጥ ባለ ጥያቄ ይጠይቁ፤ በየሳምንቱም እንዲመዘኑ ያሳስቡ።

ስለ ግሉኮሱ ነርሷ ትክክል ናት። የተለመደው አንድ ሊትር ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር ብቻ የያዘ ውኃ ነው፤ ከ200 ካሎሪ አይበልጥም፤ ፕሮቲንም የለውም። በአጥሚት ላይ የሚጨመር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከዚያ የበለጠ ኃይል ይሰጣል። በአገራችን ግሉኮስ ካልተሰቀለ ሕክምና የተጀመረ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ቢ-1 ሳይሰጥ መሰቀሉ እንዲህ ላለው ሕመምተኛ እንደሚጎዳ ግን እምብዛም አይነገርም።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም ካለፈ በኋላ አባትዎ በቀን እስከ 1,500 ካሎሪ፣ ከ60 እስከ 75 ግራም የሚደርስም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ይህን በሦስት ትልልቅ ገበታ መጨረስ ለደከመ ሰው አይቻልም፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ቢቀርብላቸው ይሻላል። የአጃ ወይም የገብስ አጥሚቱ በውኃ ፋንታ በወተት ይሠራ፤ ቅቤ ወይም ዘይት ይጨመርበት። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላላቸው ሦስት ሦስቱ ብቻ ከግማሽ በላዩን ይሸፍናሉ፤ ቀሪውን ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከቃሉ ወረዳ ማሾ ወይም ከሐይቅ ዓሣ ማግኘት ይቻላል። ስኳር፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ካለባቸው ልኩ ስለሚለወጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጁሱና ለስላሳው ሆድ ከመሙላት በቀር የሚያደርጉት የለም። ጫትም የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ ስለሆነ የሚቅሙ ከሆነ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ከመድኃኒቱ በኋላ የሚያስመልሳቸው ወይም ዓይናቸው ቢጫ የሚሆን ከሆነ ደግሞ ጉበታቸው ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይነገር።

የሆስፒታል ምግብ እንደ ቀረበ የሚመለስበት ሌላው ምክንያት ከምግቡ ውጭ ነው። ጋደም ብሎ መዋጥ የሚያስቸግረው፣ አፉ የቆሰለ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሕመምተኛ ሳህኑ ራስጌው ተቀምጦለት ይውላል፤ ማታ ይነሣል፤ ምን ያህል እንደ በላ የሚጽፍ የለም። አስታማሚው የቀረበውንና የተበላውን በደብተር ቢይዝ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ ምንም ብሎ እንኳን ቢሆን፣ ጠዋት ሐኪሙ ሲዞር ከማንኛውም ወሬ ይልቅ ይረዳዋል። ለምርመራ ባዶ ሆዳቸውን ይቆዩ ሲባልም እስከ ስንት ሰዓት ብሎ መጠየቅ፣ ምርመራው ለነገ ከተላለፈ ደግሞ ወዲያውኑ ምግብ እንዲፈቀድ ማሳሰብ ይገባል፤ ለአንድ የተላለፈ ምርመራ ሁለት ሦስት ቀን ጾሞ የሚውል ሕመምተኛ አለና። በአፍ መብላት ካቃታቸው በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ መመገብ ይቻላል፤ ብዙ ቤተሰብ እንደ ሞት ምልክት ይፈራዋል፤ ጊዜያዊ መርጃ ነው።

የጠያቂውን ደግነት ወደ ጥቅም መለወጥ ከባድ አይመስለንም። ቅሬአችሁ (ዕድራችሁ) ሠላሳ ሰው በአንድ ቀን ሙዝ ይዞ እንዳይመጣ ተራ ቢያወጣ፣ የዛሬው ተረኛ እንቁላል፣ የነገው አጥሚት በፔርሙስ ቢያመጣ አባትዎ ይበልጥ ይጠቀማሉ። እንዲህ ያለ በየሰዉ ሁኔታ የተለካ አመጋገብ ሕይወት እንደሚያተርፍም በጥናት ተረጋግጧል። በስዊዘርላንድ ስምንት ሆስፒታሎች ከ2,000 በላይ ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በባለሙያ የተለካ ምግብ ከተሰጣቸው መካከል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 7 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ የተለመደውን የሆስፒታል ምግብ ብቻ ካገኙት መካከል 10 በመቶ ያህሉ ሞተዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ሆና ጾሜን አልፈታም ብላለች። ከጎኗ የተኙት ሙስሊም እናትም በረመዳን እንዲሁ ናቸው። ምን እናድርግ?
ት. የተባለች አንባቢ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ሁለቱም እምነቶች ለሕመምተኛ መንገድ አላቸው። በእስልምና የታመመ ሰው ጾሙን አቋርጦ በሌላ ቀን እንዲተካ፣ መጾም ለማይችልም ድኻ በማብላት እንዲክስ በሱረቱል በቀራ በግልጽ ተደንግጓል። ለእናትሽ ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ የነፍስ አባታቸው ቃል ስለሚከብድ እርሳቸውን ሆስፒታል ድረስ ጋብዢያቸው፤ የቀዶ ሕክምና ቁስል ያለ ፕሮቲን እንደማይጠግግ ሐኪሙ በፊታቸው ቢያስረዳ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እስከዚያው የጾሙን ምግብ ዓይነት ጠብቀው ሰዓቱን ብቻ ቢተዉ እንኳን ትልቅ ነገር ነው። የተልባና የሱፍ ፍትፍት፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ምስርና ማሾ ከጠዋት ጀምሮ ሊቀርቡላቸው ይችላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየታቸው ነው ይበልጥ የሚጎዳቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ፕላምፒ ነት ታላላቆቹ ይለምኑታል። ባካፍላቸው ምን አለበት? ቤትስ ሆኖ መታከሙ በቂ ነው?
አንዲት እናት፣ ከባቲ

መልስ፦ አታካፍያቸው። አንዱ እሽግ 92 ግራም ሆኖ 500 ካሎሪ ይይዛል፤ በቀን የሚበላው በኪሎው ተሰልቶ የተሰጠው ስለሆነ የተካፈለው ሁሉ ከመዳኑ ይቀነሳል። ታላላቆቹም የከሱ መስለው ከታዩሽ ለእነርሱ የሚሻለው ወደ ጤና ኬላ ወስዶ ማስለካት ነው፤ ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት የሆነ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እርሱም በስሙ ሕክምና ይጀመርለታል።

የምግብ ፍላጎት ያለውና ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበት ልጅ ቤት ሆኖ መታከሙ በቂ ነው። ይህ አሠራር ገና በአገራችን ሲሞከር በ1995 ዓ.ም. አካባቢ የደቡብ ወሎ ወረዳዎችም ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ፤ ከዚያ በፊት እናቶች ሌሎች ልጆቻቸውን ጥለው ለሳምንታት ከታማሚው ጋር ይተኙ ነበር። ከመስጠትሽ በፊት እጅሽንና እጁን በሳሙና ታጠቢ፤ ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ ይቅደም፤ ፕላምፒ ነቱ ደረቅ ስለሆነ ንጹሕ ውኃ አብዝተሽ አጠጪው፤ የቤቱን ምግብ የሚበላው እርሱን ከጨረሰ በኋላ ይሁን። ምግቡን እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ካተኮሰው፣ ከደነዘዘ ወይም አውራ ጣትሽን በሁለቱም እግሮቹ ላይ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ስታነሺ ጎድጓዳ ምልክት ከቀረ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ይዘሽው ሂጂ።